የአንድ ፊደል ዋጋ

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ይህን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ጀንፈሉ በየደጁ ተሰጥቶ፣ የእሸቱ ሽታ ከማለዳው ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀበለው ያውቃል። ባለፈው ዓመት በዚያው ወራት፣ በወጣትነቴ በጽሕፈት ሠራተኛነት ያገለገልሁበትን የአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ለማየት ወደዚያው አመራሁ። በማዕዘኑ ከተከመረው አሮጌ ጆንያ ሥር አንዳች የብረት ነገር ታየኝ። ጆንያውን ባነሣው የቀድሞው የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዬ ነበር። ቁልፎቹ ዝገዋል፤ ጣቴ ግን ቦታቸውን አልረሳም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ መኪና፣ ይልቁንም በላዩ ላይ ያልነበረች አንዲት ፊደል ናት።

በ1976 ዓ.ም. በማኅበሩ ስቀጠር፣ የታይፕ ችሎታ የተከበረ ሙያ ነበር። ስቴንስል ይመታል፤ ካርቦን እየተደረበ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ከሁሉም በላይ የአባላት መዝገብ ይዘጋጃል። ገበሬው ያስረከበው ቡና፣ የከፈለው መዋጮ፣ የሚጠብቀው ትርፍ ሁሉ የሚገኘው ከስሙ ፊት ለፊት ነው። ስም ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ ማለት ነው።

የመኪናውን አሠራር ለማያውቁ ወጣት አንባብያን ጥቂት ላብራራ። ፊደላችን 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና የግዕዝ ቁጥሮች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ለላቲን ፊደል የተቀረጸው የጽሕፈት መኪና ግን ያሉት ቁልፎች ከ40 እምብዛም አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ከመቶ በታች ነው። ስለዚህ የተመረጠው ብልሃት ፊደሉን መቆራረጥ ሆነ። የ‹ቡ› እጅ ለብቻው፣ የ‹ቤ› ቀለበት ለብቻው ይመታል። አንዱን ሆሄ ለማውጣት ሁለት ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቅጥያው አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ ያርፋል። እንደ ‹ር› እና ‹ፍ› ያሉት፣ መልካቸው ከደንቡ የሚያፈነግጥ ሆሄያት ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። በብራና ላይ የጸሐፊ እጅ ያስዋበው ፊደል በብረቱ ላይ ሲደርስ የተሰበረ ወንበር መሰለ።

ይህን የምለው የደከሙትን ለማቃለል አይደለም። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመፍጠር ከጣሩት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ መሐንዲስ አያና ብሩ ናቸው፤ ድካማቸው ሲታወስ ይኖራል። የኢጣልያው ኦሊቬቲ ኩባንያ ያወጣቸው የአማርኛ መኪኖችም በየመሥሪያ ቤቱ ለረጅም ዘመን አገልግለውናል። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ሐሳብ ላይ ነው። መሣሪያው ለፊደሉ ይሰፋ በማለት ፈንታ፣ ፊደሉ ለመሣሪያው ይጥበብ ተባለ። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተነሣው ‹ፊደል ይሻሻል፣ ይቀነስ› የሚለው ክርክር አንዱ መነሻው ይኸው የመኪናው ጥበት ነበር። ባርኔጣው ጠበበ ተብሎ ራስ አይጠረብም፤ እኛ ግን ስለ መጥረብ ተከራክረናል።

አሁን ወደዚያች ፊደል ልመለስ። በጅማ አውራጃ የምንመዘግባቸው አባላት በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በኦሮምኛ ከ‹ደ› የምትለይ፣ በፊደላችን ‹ዸ› ተብላ የምትጻፍ ድምፅ አለች። እውነት የሚለው ቃል ራሱ የሚጀምረው በእርሷ ነው፤ ‹ዹጋ›። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ኦሮምኛ ስለ ነበር፣ ብዙ ገበሬዎች ስማቸውን በዚህች ፊደል መጻፍ ተምረው ነበር። በእኔ መኪና ላይ ግን አልነበረችም። ‹ዹጋ›ን ልመታ ብፈልግ የሚወጣው ‹ዱጋ› ነበር። በዋናው መዝገብ ላይ የጎደለውን ምልክት በብዕር እጨምራለሁ። በደረሰኙ ላይ ግን፣ ሰልፉ ረጅም፣ ቀኑ አጭር ስለ ነበር፣ በ‹ዱ› እንደ ተመታ እለቅቀው ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በመኪናው አላሳብብም።

ዓመታት አለፉ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ የላቲንን ፊደል፣ ቁቤን፣ መረጠ፤ በአካባቢያችንም የጽሕፈት ሥራ መልኩን ለወጠ። የማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የእኛም ማኅበር እንደገና ይደራጅ ሲባል፣ የቀድሞ አባላት መዋጮ እንዲታወቅላቸው አሮጌው በፊደል የተጻፈው መዝገብ ተፈለገ። ሥራውን የማውቀው እኔ ስለ ነበርሁ ጅማ ላይ በአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ተቀምጬ ከሦስት መቶ በላይ ስሞች ገለበጥሁ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፍሎፒውን በኪሴ ይዤ ስወጣ፣ ከብረቱ መኪና ለዘለዓለም የተገላገልሁ መሰለኝ።

ፍሎፒው አዲስ አበባ በሌላ መሥሪያ ቤት ሲከፈት ግን የታየው ስም አልነበረም። የላቲን ቁርጥራጭ፣ የጥያቄ ምልክትና የማይታወቅ ነጥብ ገጹን ሞልቶታል። ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን አንድ የኮምፒዩተር ሆሄ ስብስብ የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነበር። እንደ ፍስሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ቀዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት በግል ደክመዋል። ከዚያም አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉ ሥራዎች ተከታተሉ። ችግሩ ሁሉም የየራሱን አቀማመጥ መከተሉ ነው፤ አንዱ ‹ሀ› ባስቀመጠበት ቦታ ሌላው ‹መ› ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ የጽሑፉ ትርጉም በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፤ በተገዛው የሆሄ ስብስብ ውስጥ ነበር። ለሻጩ ይህ ደንበኛ መያዣ ነው፤ ለአገር ግን በየቤቱ የተለያየ ቁና እንደ ማስፈር ነው።

አዲስ አበባ ያሉት ሠራተኞች ከደበዘዘ የካርቦን ቅጂ እንደገና ጻፉት። ያልተነበበው ቀረ። አንዲት ባልቴት ከገጠር መጥተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ የባለቤታቸውን ደረሰኞች ፈተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። ደረሰኙ በ‹ዱ› ነው፤ ካርቦኑ ላይ ከተረፈው ፍንጭ የተጻፈው ደግሞ በ‹ዹ›። ጸሐፊው ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ዘጋው። ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ባሌ አንድ ሰው ነበር፤ የእናንተ ወረቀት እንዴት ሁለት አደረገው?» አሉኝ።

«እማማ፣ መሣሪያው ነው» አልሁ። እርሳቸውም፣ «መሣሪያውን ማን ያዘው?» አሉና ደረሰኛቸውን መልሰው ቋጠሩ።

ዋናውን መዝገብ ፈልጌ፣ በብዕር ያደረግሁትን ምልክት አሳይቼ፣ ስለ እጄ ጽሑፍ መስክሬ ስማቸው ተመለሰ። ይህ እስኪሆን ግን ሁለት የቡና ወራት አልፎ ነበር። ሁለት የቡና ወራት ለባልቴት ምን ማለት እንደ ሆነ የጅማና የሊሙ ሰው ያውቀዋል።

ይህ ዐይነቱ ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን የሰፊው ዓለም ታሪክም ምስክር ነው። ጃክ ትራሚየል ከአውሽዊትዝ ተርፎ አሜሪካ የገባ፣ በኒውዮርክ ብሮንክስ የጽሕፈት መኪና በመጠገን ሥራ የጀመረ ሰው ነበር። የመሠረተው ኮሞዶር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሞዶር 64 የተባለውን የቤት ኮምፒዩተር በ595 ዶላር አወጣ፤ መሣሪያውም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ገባ። ትራሚየል በ1984 መጀመሪያ ከኩባንያው ወጣ። በዚያው ዓመት ኮሞዶር ‹ፕላስ ፎር› የተባለ ሌላ መሣሪያ አቀረበ፤ ለኮሞዶር 64 የተጻፉት ፕሮግራሞች ግን በእርሱ ላይ አይሠሩም ነበር። ሰው ገንዘቡንና ድካሙን ያፈሰሰበትን ሁሉ ጥለህ ና ሲባል ለምን ይመጣል? መሣሪያው በዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከገበያ ወጣ። ኩባንያውም ከሌሎች ብዙ ስሕተቶች በኋላ በ1994 ከሰረ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በዚያ የተበላሸው የነጋዴ ሒሳብ ነው፤ በእኛ ግን የሰው ስም ነበር።

የሚያስገርመው፣ እኔ ፍሎፒዬን ይዤ በምንከራተትበት በዚያው ዘመን፣ መስከረም 1992 ዓ.ም. ላይ፣ መፍትሔው በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የሆሄያት ሥርዓት በ3ኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ፤ ለ345 ምልክቶችም ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ቦታ ሰጠ። ‹ዸ› ከነቤተሰቧ ቦታዋን አገኘች። ይህም ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ለመድረስ ዓመታት ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ‹ኒያላ› የተባለውን ሆሄና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ዛሬ አጋሮ ላይ የተጻፈ ስም አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም ያው ስም ሆኖ ይነበባል።

መኪናውን ከጆንያው ሥር አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ አንድ ወረቀት ከማኅበሩ ለምኜ ‹ዱጋ› ብዬ መታሁ። ቀለሙ ደርቆ ስለ ነበር የቀረው ጎድጓዳ ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ብዕሬን አወጣሁና የጎደለውን ጨመርሁ።

መምህራንና የጥበብ ሰዎች ሆይ፣ ነገም ሌላ መሣሪያ ይመጣል፤ እንደ ትናንቱም ጥቂት ጥበቡልኝ ይለናል። ከመቀበላችን በፊት የባልቴቷን ጥያቄ እንጠይቅ። መሣሪያውን የያዘው ማን ነው? የሚወድቀውስ የማን ስም ነው?