ሰባት ጨዋታ ቢሰጡን ኖሮ

«ሰባት ጨዋታ ቢሰጡን ኖሮ ናይጄሪያን እንጥላት ነበር!»

ይህቺ አባባል በእኛ ጓደኞች መሃል ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ አልሞተችም። ሻይ ላይ ትነሳለች፣ በርጫ ላይ ትነሳለች፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲጠመዘዝ ሳይቀር ትነሳለች። ያመጧት የቅርጫት ኳስ ሱሰኞቻችን ናቸው። (አዎ፣ አሉን! ወሎ ውስጥ ኤንቢኤ የሚያይ የለም የምትሉ ካላችሁ በግንቦትና በሰኔ አንድ ሌሊት ብቅ በሉ።) ዛሬ ነገሯን ከሥሯ አንስተን እንጨርሳት ብለናል። የኳስ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነች ትንሽ ታገሱን።

በመጀመሪያ ለማያውቁት እንንገር። የአሜሪካው ኤንቢኤ መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ፕሌይ ኦፍ የሚሉት ጥሎ ማለፍ አለው። በየዙሩ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። በመጀመሪያው ጨዋታ አንዱ አጥቂ ጠባቂውን እንደ ልቡ ከተጫወተበት፣ ለሁለተኛው አሰልጣኙ ጠባቂ ይቀይራል። ለሦስተኛው ደግሞ ያኛው ለቅያሪው መልስ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እየተባለ አምስተኛው ላይ ሲደረስ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። ማን ማንን መያዝ እንደሚችል፣ ማን ደግሞ ማን ፊት ሲቆም እንደሚቀልጥ አደባባይ ይወጣል።

የ2008 ዓ.ም. ሰኔን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የጎልደን ስቴትና የክሊቭላንድ ፍጻሜ ረመዳን ላይ ነበር የገጠመው። ጨዋታው የሚጀመረው በእኛ ከሌሊቱ 9 እና 10 ሰዓት ግድም፣ ማለትም ልክ ለሱሁር ሲነሱ ነው። እናቶቻችን «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ምን ነካቸው? ሳይቀሰቀሱ ይነሳሉ!» እያሉ ሲደሰቱ እኛ አንድ ዓይናችን ሳህኑ ላይ፣ አንድ ዓይናችን ስቴፈን ከሪ ላይ ነበር። ጎልደን ስቴት በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር ከ82 ጨዋታ 73 አሸንፎ ክብረ ወሰን የሰበረ ቡድን ነው። ፍጻሜውንም 3 ለ 1 መራ። በፍጻሜ ታሪክ ከ3 ለ 1 ተመልሶ ዋንጫ የበላ አልነበረም። ክሊቭላንድ ግን ተመለሰ! ሰባተኛው 93 ለ 89 አለቀ። ሁሉም የሚያወራው ሊብሮን ጀምስ ከኋላ እየበረረ መጥቶ የኢጉዳላን ኳስ ስለመለሰባት ቅጽበት ነው። ለእኛ ግን ቁልፉ ሌላ ነው። ክሊቭላንዶች ጠባቂ እያቀያየሩ ደጋግመው ከሪን ወደ መከላከሉ ይጎትቱት ነበር። መጨረሻ ላይ ኬይሪ ኧርቪንግ ያችን ሦስት ነጥብ ሲያስቆጥር ፊቱ ቆሞ የነበረው ማን ነው? ከሪ! እሱን ከኧርቪንግ ጋር ብቻውን ማገናኘት በአንድ ቀን የተገኘ ብልሃት አይደለም፤ ሲቀመር የከረመ ነው።

ጓደኞቻችን ታዲያ ይህን ያዩና ወደ ዋልያዎቹ ይመለሳሉ። «እኛ የተሰጠን ሁለት ጨዋታ ነው። መች ተዋወቅንና?» ይላሉ።

እስቲ እንዴት እዚያ እንደደረስን እናስታውስ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎል 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ያሳለፈን ከሜዳ ውጭ ያገባናቸው ጎሎች ናቸው። ከዚያ በሰውነት ቢሻው እየተመራን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባችንን ተያያዝነው። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ደስታው ሳይበርድ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፋችኋል ተባልንና ሦስት ነጥብ ተነጠቅን። ያም ሆኖ ምድቡን አንደኛ ጨረስን። ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ አሥር ውስጥ ገባን ማለት ነው! አምስት ቲኬት፣ አሥር ቡድን፣ ደርሶ መልስ። ዕጣው ሲወጣ የደረሰችን የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ናይጄሪያ ናት።

ያኔ ክርክሩ ደሴና ኮምቦልቻ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። የአገራችንን አቀማመጥ ለማታውቁ፦ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ቦርከናን ይዛ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት ከደሴ ጋቢ ለብሰህ ትነሳና ኮምቦልቻ ስትደርስ ጋቢው ክንድህ ላይ ነው። ሁለቱ ከተሞች ኳስ ሲገጥሙ ወደ ላይ የወጣው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ወደ ታች የወረደው ሙቀቱ ያዝለዋል። በዚህ ያላደገ የወሎ ልጅ የለም።

ስለዚህ የደሴ ልጆች «አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ናይጄሪያዎች እረፍት እንኳን ሳይደርሱ ይተነፍሳሉ» አሉ። የኮምቦልቻዎቹ መልስ አጭር ነበር፦ «እሺ፣ ካላባርስ? ባሕር ጠርዝ፣ ያ ሁሉ ሙቀትና ወበቅ! ሐረጎ እኮ መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረድም አለው።»

ከፍታውን እንተወውና ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ እንይ። የፕሌይ ኦፍ ነገር የሚያልቀው እዚያ ነውና። በእኛ ግምት ሳላዲን ሰኢድ ለኦሜሩኦና ለኦቦአቦና ከባድ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ፣ ዞር ሲል የሚያመልጥ አጥቂ ለወጣት ተከላካይ አይመችም። ሽመልስ በቀለ ከጆን ኦቢ ሚኬል ጎን በምትገኘው ክፍት ቦታ ላይ መጫወት ይችላል፤ ሚኬል ጉልበታምና ብልህ ነው፣ ፈጣን ግን አይደለም። እስከዚህ ጥሩ ነው። ወደ እኛ ጎል ስንመለስ ግን ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አለ፤ የዚያ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ላይ አራት ጎል አግብቶ የመጣ ጡንቻ። እሱን ብቻውን የሚይዝ አልነበረንም። ሁለት ሰው ከመደብንበት ደግሞ ቪክቶር ሞሰስ ክፍት ይቀራል። ሞሰስን እንኳን እናውቀዋለን፤ ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ዋንጫ የሸኘን እሱ ነው።

ጨዋታው እሁድ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋለ። አረፋ ማክሰኞ ነበር። ለበዓል ከያለበት የገባው ሰው፣ በጉ፣ ባንዲራው ተደባልቆ ደሴ ደሴን አታክልም ነበር! ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ሰው እስከ በረንዳው ሞልቶታል። ከእረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ ኢኒያማን አልፎ ሲያገባ ማን ማንን እንዳቀፈ እንኳን አናውቅም። ከዚያ ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት፣ አሁንም ኢሜኒኬ። 1 ለ 2። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በከፍታው ይተነፍሳል የተባለው ሰው የመጨረሻዋን ጎል ያገባው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው።

የመልሱ ጨዋታ ወር ቆይቶ ነበር። በዚያ ወር መሃል ግን ሌላ ነገር መጣ።

የወሎን ቤት የሚያውቅ ያውቃል። የዚያ አረፋ በግ በስንቱ ቤት የተገዛው ከሪያድና ከጅዳ በተላከ ብር ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሳዑዲ የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ተጀመረ። መንፉሃ ከሚባለው የሪያድ ሰፈር የሚወጣው ወሬና ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ገና ያልተመለሱበት፣ የት እንዳሉ ያልታወቀበት ያ ሳምንት ነው ከካላባሩ ጨዋታ ጋር የገጠመው። ቅዳሜ ህዳር 7 ቀን ስንሰበሰብ አንዱ ጓደኛችን ፊቱ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ እጁ ግን ስልኩ ላይ ነበር። እህቱ አራት ቀን ሙሉ አታነሳም። ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት ሲያገባ ቤቱ ሁሉ «ኡ!» አለ፤ እሱ ቀና እንኳን አላለም። ሁለተኛውን ተቀይሮ የገባው ኦቢና በቅጣት ምት አከለ። 2 ለ 0። ድምር 4 ለ 1። ማታ ላይ ስልኩ ጠራ። «አለሁ፣ አብሽር» አለችው። የዚያን ቀን ድላችን እሷ ነበረች።

ለማንኛውም ወደ ክርክራችን። ሰባት ጨዋታ ቢሰጡን እንጥላት ነበር ወይ?

አንጥላትም ነበር። እንዲያውም ሰባት ጨዋታ ይብስብናል። ለምን ቢባል፣ ጨዋታ በበዛ ቁጥር ዕድል ይቀንሳል፤ የሚያሸንፈው ሰፊው ነው። ክሊቭላንድ ከ3 ለ 1 የተመለሰው ሰባት ጨዋታ ስለተሰጠው ብቻ አይደለም፤ ሊብሮንና ኧርቪንግ ስለነበሩት ነው። ናይጄሪያ ኦቢናን ከተቀያሪ ወንበር አንስታ ጎል ታገባለች። እኛ ከሳላዲን ቀጥሎ ማንን እናነሳ ነበር? እነሱ በሦስተኛው ጨዋታ ሽመልስን የሚይዙበትን ዘዴ ያገኛሉ፤ እኛ በሰባተኛውም ኢሜኒኬን የሚይዝ ሰው አናገኝም። ደካማ ቡድንን የሚያድነው አጭር ውድድር ነው። ሱዳንን ያሳለፈንስ ምን ሆነና? ሁለት ጨዋታና የሜዳ ውጭ ጎል አይደለም? ሲያሳልፈን «ጎበዝ» ብለን፣ ሲጥለን «ደንቡ ነው» ማለት አያምርም።

የውድድሩን ደንብ ከወቀስን አንድ እውነተኛ ቁጭት አለ። ለ2026ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ አግኝታለች፤ ከዘጠኙ ምድብ አንደኛ የወጣው ያለ ፕሌይ ኦፍ አልፏል። እኛ አንደኛ የወጣነው ግን አንደኛ መውጣት ባልበቃበት ዘመን ነው። (በአዲሱ ደንብ ደግሞ ከእኛ ምድብ ያለፈችው ግብጽ ናት። እኛና ጊዜ አልተገናኘንም!)

ስለዚህ ለቅርጫት ኳስ ጓደኞቻችን ፍርዳችን ይኸው፦ በሰባት ጨዋታ ናይጄሪያ 4 ለ 1 ታሸንፈናለች። ድምሩም እኮ 4 ለ 1 ነበር! እኛ የምናገኛት አንዷ አዲስ አበባ ላይ፣ በኃይሉ ባገባበት ዓይነት ቀን ነው።

ከእነሱ ሐሳብ ግን አንዷን ነገር እንወስዳለን። ሰባት ጨዋታ የሚያስቀናው ዋንጫ ስለሚያስበላ ሳይሆን፣ ዛሬ የተበለጠ ሰው ነገ ያንኑ ተጋጣሚ ደግሞ ስለሚያገኘው ነው። ሚኬልና ሞሰስ እንግሊዝ ውስጥ በየሳምንቱ ከባድ ሰው ይገጥሙ ነበር። የእኛ ተከላካይ ኢሜኒኬን የሚያህል አጥቂ የሚያገኘው ከስንት አንዴ፣ ያውም የአገር ዕጣ በተንጠለጠለበት ቀን ነው። ሰው በአንድ ቀን አይለመድም። ሰባቱ ጨዋታ መሰጠት የነበረበት ከጥቅምት በፊት፣ በሊጉ፣ በታዳጊው፣ በወዳጅነት ግጥሚያው ነበር።

በወሎ መንገድ ላይ ሁሉ ነገር አንድ ጨዋታ ነው፤ ማትሪክ አንዴ፣ ባሕር መሻገር አንዴ፣ ዕድል አንዴ። የጓደኛችን እህት ተመልሳ አንድ ዓመት ሳትቆይ እንደገና ሄደች፤ እዚህ ሁለተኛ ጨዋታ የሚያዘጋጅላት አልነበረማ። እንግዲህ ስለ ሰባት ጨዋታ የምናወራ ከሆነ ከእሷ እንጀምር። የናይጄሪያ ጉዳይ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ሐረጎ ላይ የሚያነሳት ሰው የሚኒባሱን ሒሳብ ለሁላችንም ይከፍላል።