የታችኛው ጎረቤት ውኃ



በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ተማሪዎቻችንን ካሰናበትን በኋላ፣ ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል የነበረችው ልጃችን "ባሕር አሳዩኝ" ብላ ያዘችን። በቴሌቪዥን የባሕር ዳርቻ አይታ ኖሯል። አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ሐይቅ ግን አላህ (ሱ.ወ.) አልነፈጋትም። ከእኛ ሰፈር ወደ ደቡብ የሚወርደው የሐዋሳ መንገድ በ275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ያሻግራል። እኛም ከአስኳላውም ከመድረሳውም እየቀሰምን ያደግን፣ ዛሬም ከጥቁር ሰሌዳ ያልራቅን ነንና፣ ጉዞው ለልጆቻችን ትምህርት ይሆናል ብለን ተነሣን። ትምህርቱ በመጀመሪያ የእኛው መሆኑን ግን አላወቅንም ነበር።

የዋዜማው ምሽት

ከመነሣታችን በፊት በነበረው ምሽት የሆነውን ልንደብቅ አይገባም። ቤታችን ላፍቶ ነው። በአካባቢያችን ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት። ጀሪካንና በርሜል ደርድሮ የቧንቧውን ፉጨት ሲያዳምጥ የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው። እኛ ከዚህ ጭንቀት ለመገላገል ዲናሞ ገዝተን መስመሩ ላይ ገጥመናል። ውኃው ብቅ ሲል ስቦ ሮቶአችንን ይሞላል፤ እኛም ተኝተን እናድራለን።

በዚያ ምሽት፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። "ልጆቼ፣ ሦስት ፈረቃ አለፈኝ። እኔ ጋ ቧንቧው አየር ብቻ ነው የሚተፋው። ማሽኑን ለአንድ ሰዓት ብታጠፉልኝ?" አሉን። እኛም "እትዬ፣ ችግሩ ከዋናው መስመር ይሆናል፤ ቢያመለክቱ ይሻላል" አልናቸው። ከሮቶአችን አንድ ጀሪካን ሞልተን ሰጠናቸው። መርቀውን ተሸክመው ሄዱ። እኛም ሶደቃ የሰጠን ያህል ደስ ብሎን ሻንጣችንን ማዘጋጀት ቀጠልን።

ከሐይቅ ወደ ሐይቅ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ በአጎታችን ሚኒባስ ተነሣን። አጎታችን በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚሁ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት የነበሩ፣ ኋላም ሾፌር ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሣሪስን፣ ቃሊቲንና ዱከምን አልፈን ቢሾፍቱ ስንደርስ፣ የከተማዋ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ መሆናቸውን ለልጆቹ ነገርናቸው። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ደግሞ ቆቃን አየን። እርሱ አዋሽ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ዛሬ ከሞጆ እስከ ባቱ የክፍያ መንገድ ተሠርቶ ጉዞው ቀሏል፤ እኛ የሄድንበት አሮጌው መንገድ ግን በየመንደሩ ያልፍ ስለነበር ለልጆች የሚታይ አላጣንም።

ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐይቋ ሰፊ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ውኃው ጨው የሌለበት ነው። የመቂና የቀጣር ወንዞች ይገቡበታል። ዳር ላይ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ ፔሊካኖች ትልልቅ ምንቃራቸውን ከፍተው ይሻማሉ። እኛም የቆሮሶ ጥብስ በላን። ዓሣ መታረድ አያሻውምና በዚህ መንገድ የሙስሊም መንገደኛ የምሳ ነገር አያስጨንቀውም።

ከምሳ በኋላ ጥቂት ተጉዘን ቡልቡላ ከተማ መስጂድ ገባን። እንደ መንገደኛ ዙህርን አሳጥረን ከዐስር ጋር ልናጣምር ነው። የዉዱእ ውኃ ስንጠይቅ አንድ ሽማግሌ ከጀሪካን ወደ ትንሽ ኢብሪቅ ቀድተው ለእያንዳንዳችን ሰጡን። ወንዝ አጠገብ ሆነው መስፈራቸው ገርሞን ኖሮ ፊታችን ላይ አነበቡት። "ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙድ ይበቃቸው ነበር" አሉን። ይህን ሐዲስ መድረሳ ተምረነዋል፤ አስተምረነዋልም። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጆች ተገጣጥመው የሚሞሉት እፍኝ ነው። እኛ ግን ያን ዕለት ጠዋት ከሮቶአችን በተከፈተ ቧንቧ ሥር ነበር ዉዱእ ያደረግነው።

ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ደረስን። ውኃው ቡናማ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ቀለሙ ግን ሳይረጋ በውኃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የመጣ ነው። ልጃችን የተመኘችውን አሸዋ አገኘች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቤት ሲሠሩና ሲያፈርሱ ዋሉ። ማታ ሐዋሳ አደርን። በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ዓሣ ሲያራግፉ፣ ጦጣዎቹም ከልጆቻችን እጅ ሙዝ ሲነጥቁ አየን። ሳቅ በሳቅ ሆነን ወደ ቤታችን ጉዞ ጀመርን።

ውኃው የት ሄደ?

በመመለሻችን አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ስፋቱ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነበር። ከበሩ አልፈን በግራሮቹ መካከል ሰጎንና ከርከሮ አየን። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። ዳርቻው ላይ ፍል ውኃ ይፈላል። ከዚያ ወደ አቢጃታ ወረድን። አጎታችን መኪናውን አቁመው ዝም አሉ።

"እኔ በወጣትነቴ ሳየው ውኃው እዚህ የቆምንበት ድረስ ነበር" አሉ በመጨረሻ። ከፊታችን ግን የተሰነጣጠቀ፣ ጨው የመሰለ ነጭ ሜዳ ተዘርግቷል። ከሜዳው ማዶ፣ እሩቅ፣ ቀጭን የውኃ መስመር ትታያለች፤ በላይዋም ሮዝ ቀለም ያላቸው ፍላሚንጎዎች። ልጃችን "ውኃው የት ሄደ?" ብላ ጠየቀች።

በእንጨት መሬቱ ላይ ሥዕል ሠራንላት። ከሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ተለያይተው ከቀሩ በኋላም ዝምድናቸው አልተቋረጠም። ዝዋይ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ ለአቢጃታ ይልካል፤ ላንጋኖም በሆራ ከሎ ወንዝ ድርሻውን ያዋጣል። አቢጃታ ግን የመጨረሻው ነው፤ መውጫ የለውም፤ የሚኖረው ከላይ በሚተርፍለት ብቻ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከላይ ያለው ተጠቃሚ በዛ። በወንዞቹና በዝዋይ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ በሞተር ይስባል፤ የአበባና የአትክልት እርሻዎች ይስባሉ። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመስተዋትና ለሳሙና የሚሆነውን ሶዳ አሽ ለማውጣት የሐይቁ ውኃ ራሱ በገንዳ እየተሳበ በፀሐይ እንዲተን ተደረገ። ፀሐዩም የራሱን ይወስዳል። ቀድሞ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን የነበረው ሐይቅ ግማሽ ያህሉን አጣ።

ውኃው ሲያንስ ጨው ይበረታል። ጨው ሲበረታ ዓሣው አለቀ። የፔሊካኖቹ ነገር ደግሞ እጅግ ያሳዝናል። እነርሱ ጫጩት የሚፈለፍሉት በሻላ ላይ ባለች ደሴት ነበር፤ አውሬ አይደርስባቸውምና። ሻላ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ እየበረሩ ከጎረቤታቸው ከአቢጃታ ዓሣ ለቅመው ይመለሱ ነበር። የአቢጃታ ዓሣ ሲጠፋ የሻላዋ ደሴት የጫጩቶች ቤት መሆኗ ቀረ። ፍላሚንጎዎቹ የቀሩት ምግባቸው ዓሣ ሳይሆን በጨዋማ ውኃ የሚያድግ ደቃቅ አልጌ ስለሆነ ነው።

ልጃችን ሥዕሉን ጥቂት አየችና ጣቷን አቢጃታ ላይ አድርጋ "ይኼ የእትዬ ቧንቧ ነዋ! ከላይ ያሉት ሰዎች ዲናሞ አላቸው" አለች።

እኛ ተያየን። አጎታችን ነገሩን ስለማያውቁ "የየትኛዋ እትዬ?" ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። ገበሬው ልጆቹን ለማብላት እንደሚስብ እናውቃለን፤ በክፋት አይደለም። እኛም በክፋት አልነበረም። ከላይ ያለ ሰው ታች ያለውን አያየውም፤ ዓይኑ የሚያርፈው በራሱ ሮቶ ላይ ነው። ምሽት ላይ ቡልቡላ ድልድይ ስናልፍ በወንዙ ግራና ቀኝ የሞተሮቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ልክ እንደ እኛ ዲናሞ ድምፅ።

የጎረቤት ሐቅ

በማግስቱ ሁለታችንም ጎረቤታችን ቤት ሄድን። ጀሪካን አልያዝንም። የሰጠናቸው ውኃ ከራሳቸው ድርሻ የተወሰደ ስለነበር፣ ሐቃቸውን ሶደቃ ብለን መልሰን ማቅረባችን አሳፍሮናል። "እትዬ፣ ችግሩ እኛ ነን። አፉ ይበሉን" አልናቸው። እሳቸውም ለረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን አይተው፣ "እኔኮ በአንድ ነገር አስቀይሜያችሁ መስሎኝ ነበር" አሉ። ከበደለን ሰው ይልቅ የተበደለው ራሱን ሲጠረጥር መስማት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ "አፉ ብያለሁ። ግን ንገሩኝ፣ ስንት ሰዓት ነው የምታጠፉት?" አሉን።

ከዚያ ወዲህ የፈረቃው ሌሊት ሲደርስ ዲናሞው አስቀድሞ አይነሣም። የእሳቸው በርሜሎች ሲሞሉ የበኩር ልጃቸው በራችንን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ ተራው የእኛ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ሮቶአችን ሳይሞላ ውኃው ይሄዳል። ያን ሳምንት በኢብሪቅ እየሰፈርን እንኖራለን፤ ልጆቻችንም የሙድን መጠን በመዳፋቸው ለክተው ያውቁታል።

ውድ ወላጆች፣ አቅም የፈቀደላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዚህ መንገድ ውረዱ። ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ወፎችም ስለሚመጡ ሐይቆቹ ይበልጥ ያምራሉ። ላንጋኖ ላይ አሸዋውን ያጫውቷቸው፤ ዝዋይ ላይ ዓሣውን ያብሏቸው። ነገር ግን አቢጃታን ሳታሳዩአቸው አትመለሱ። የአቢጃታን ውኃ እኛ ልንመልስ አቅም የለንም፤ ጉዳዩ የብዙዎችን ስምምነትና የመንግሥትን ውሳኔ ይጠይቃል። በየደጃችን በሚያልፈው ቧንቧ ላይ ግን ሁላችንም ለአንድ ሰው የላይኛው ጎረቤት ነን።

አላህ (ሱ.ወ.) የታችኛውን ጎረቤት የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሚን።