ከ84 ሲቀነስ 10

ሰሞኑን ጠረጴዛዬን የሞሉት የኮርስ ረቂቆች ናቸው። ኮሌጃችን ኢንተርዲሲፕሊነሪ፣ ማለትም የአንድን ትምህርት ክፍል አጥር የሚሻገሩ አዳዲስ ኮርሶች እንዲቀረጹ ጥሪ አድርጎ ነበርና ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሆኜ ተመደብሁ። ሐሳቡን በበኩሌ ከልብ እደግፈዋለሁ። ውድ አንባብያን እንደምታስታውሱት፣ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለሱ ሎጂክ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና አንትሮፖሎጂ በአንድ ተማሪ ደብተር ውስጥ ተገናኝተው ነበር። ተገናኙ ስል ጎን ለጎን ተቀመጡ ማለቴ ነው፤ ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

የአሁኖቹም ረቂቆች አብዛኞቹ ከዚህ አልራቁም። ከምዕራፍ አንድ እስከ አራት የአንደኛው ትምህርት ክፍል ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት የሌላኛው። በርእሱ መካከል «እና» የምትባል ቃል አለች፤ ሸክሙ ሁሉ የተጫነው በእርሷ ላይ ነው።

አንዱን ረቂቅ ግን በቀላሉ ላልፈው አልቻልሁም። ስለ ዓባይ ነው፤ ስድስት ሳምንት ሃይድሮሎጂ፣ ስድስት ሳምንት ሕግ። የሕጉ ክፍል ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የተፈራረሙትን ስምምነት ያስተምራል፤ የሃይድሮሎጂው ክፍል ደግሞ የወንዙን ፍሰት አለካክ። እስቲ ስምምነቱን ገልጠን እንየው። የወንዙ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት አስዋን ላይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተወሰደ። በግድቡ ሐይቅ በትነትና በመሳሰለው ለሚባክነው 10 ቢሊዮን ተቀነሰ። ከቀረው 74 ውስጥ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ሆነ። ደምሩት፤ ቀሪው ዜሮ ነው። 85 በመቶ ያህሉን ውሃ የምታመነጨው አገር በስሌቱ ውስጥ የለችም።

ይህ ስሌት ሕግ ነው ወይስ ሃይድሮሎጂ? የሕግ ተማሪው ማን ከማን ጋር እንደተፈራረመ ያጠናል፤ የምህንድስና ተማሪው ትነትን ያሰላል። በበረሃ መካከል የተሠራ ሐይቅ የሚያተነው ውሃ ከክፍፍሉ በፊት ከወንዙ ላይ ለምን እንደተቀነሰ የሚጠይቀው ግን ከሁለቱ የትኛው ነው? የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ በፊት በነበሩት የድርድር ዓመታት ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ በድርቅ ጊዜ ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ የሚለው ነበር። «ድርቅ» የሚለውን ቃል በሜትር ኩብ የሚተረጉም ባለሙያ ሳያውቀው ሕግ እየጻፈ ነው፤ ያንን ቁጥር ሳይመረምር አንቀጹን የሚያረቅ የሕግ ሰውም የማያውቀውን ውሃ ይፈርማል። ወደፊት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ዛሬ እኛ የምናስተምራቸው ልጆች ናቸው።

አዘጋጆቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለት መምህራን በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል ቢገቡ የማስተማር ጫናቸው ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚመዘገብላቸው፤ ባለሦስት ክሬዲቱ ኮርስ ለእያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ይሆናል። ሳምንቱን ተካፍሎ በየፊናው ማስተማር አያስወቅስም፤ ድካሙም ያነሰ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው በየሙያው ተለይቶ ስለሚሰጥ፣ ተማሪው «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ አልቀየመውም። (ከዚያ ቀደም በ70/30 ዘመን የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ምን ያህል እንደ ትርፍ ዕቃ እንታይ እንደነበር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

ረቂቁን «ተሻሽሎ ይቅረብ» ብዬ መልሼዋለሁ። በአስተያየቴም የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ከዚያው ከ84 ሲቀነስ 10 እንዲጀምር፣ ሁለቱም መምህራን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳምንት አብረው ክፍል እንዲገኙ፣ ሰዓቱም ለሁለቱም ሙሉ በሙሉ እንዲታሰብ ጠይቄአለሁ። አዘጋጆቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተስማምተዋል። ሦስተኛውን ኮሌጁ «ይታያል» ብሎታል።