ቤንዚን የሚሸት ዘይት

አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች፣ ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዛችሁ አሽትቱ። ዘይት ዘይት ከሸተተ ደግ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሳትጨምሩበትም ልኩ ከፍ ካለ ግን ቁልፉን አትንኩ።

የኛዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች ናት። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ዘመዱ ሁሉ «ሽጫት፣ አሮጌ መኪና ለሴት ጣጣ ነው» ይለኛል። ጣጣ መሆኗ እውነት ነው። ግን እናቴ ደባርቅ ናት፤ በየወሩ ለሕክምና ጎንደር ትመጣለች፣ ጉልበቷ ደግሞ የመናኸሪያ ግፊያ አይችልም። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ወገራ ሲወጣም ዳገት አለበት። ባለፈው ሰኔ ቮልሷ አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርስ አቅም እያነሳት ትቆም ጀመር። ዘይቷን ሳሸት ቤንዚን ነው።

በድሮ ሞተር ላይ ያለው ቤንዚን ፓምፕ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሞተሩ ሲዞር አንዲት ዘንግ ትገፋዋለች፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ከፍ ዝቅ እያለ ቤንዚኑን ከታንኩ ስቦ ለካርቡሬተር ያቀብላል። ሽፋኑ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ብረትም ብረትን ይበላል። በደጋ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን መኪና በሙቀት ብቻም ሊቆም ይችላል፤ ያ ግን ሞተሩ ሲበርድ ይለቃል፣ ዘይቱንም አያሸትተውም።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና የ16 ዓመቷ ልጄ ግቢያችን ውስጥ ሥራውን ጀመርን። ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ጓርኒሲዮን» እያሉ ያዛሉ። ጣሊያን ከጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም ተሸንፎ ቢወጣም ፒያሳ ላይ ሕንፃውን፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ቋንቋውን ትቶልናል።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይነቀላል። ታንኩ ከፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቱቦው ሲወልቅ ቤንዚኑ ራሱ ይፈሳል፤ ልጄ ልኩን ቡሎን አዘጋጅታ ስለነበር ወዲያው ወተፈችው። ከዚያ ሁለት ዳዶ በ13 ቁልፍ። ፓምፑ ሥር የነበረውን የጓርኒሲዮን ውፍረት ልብ በሉ፤ ዘንጓ ምን ያህል እንደምትገፋ የሚወስነው እሱ ነው። በጣም ከሳሳ ቤንዚኑ በኃይል ሄዶ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቃል። የተሰነጣጠቀ ቱቦ ካያችሁም አብራችሁ ቀይሩ፤ ቮልስ ላይ ብዙ ጊዜ እሳት የሚያመጣው እሱ ነው።

የከበደኝ ዳዶው አልነበረም። ፓምፑ እንደወለቀ እትዬ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ የፋመ ከሰል በምድጃ፣ ጀበናቸውን በሌላው እጅ ይዘው ከች አሉ። በጎንደር የቡና ጎረቤት ከበር መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። «እትዬ፣ እባክዎ ከሰሉን ከአጥር ውጭ» አልኳቸው። «ይሄን ያህል ርቀት?» አሉና ፊታቸው ጠቆረ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ አይወጣም፣ በመሬት እየተሳበ ሩቅ ያለ ፍም ጋ ይደርሳል። ይህን ሳስረዳቸው አልሰሙኝም። መካኒኩ «ልጆቹ ናቸው እትዬ» ሲሏቸው ግን አንድ ሳይናገሩ ምድጃውን አንስተው ወጡ። እኛም አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገባችን አስቀመጥን፤ የቤንዚን እሳት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ማስፋት ነው።

አዲሱን ፓምፕ ገጥመን፣ የቀጠነውን ዘይት አፍስሰን 2.5 ሊትር አዲስ ሞላን። ቡናው ከአጥር ውጭ ተፈላ፤ ሦስተኛውን የጠጣነው መንገድ ዳር ቆመን ነው። እትዬ እስካሁን ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።

በሳምንቱ ደባርቅ ወጣን። እማዬ በሩ ላይ ቮልሷን ስታይ «ይቺ አሁንም አለች?» አለች። ልጄ መልስ ሳትሰጥ የኋላውን ክዳን ከፍታ፣ ዘንጉን መዛ አሸተተች።

«ዘይት ነው» አለች፤ የአያቷንም ጓዝ ትጭን ጀመር።