ፍሬንች ቶስት

ትናንት ማታ ልጄ "አባዬ፣ ነገ ፍሬንች ቶስት ትሠራልኛለህ?" አለችኝ። ክፍሏ ውስጥ አንዷ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ይዛ መጥታ ነው። እኔ ካፌ ሜኑ ላይ እንጂ ቤት ሲሠራ አላየሁም ብዬ፣ ዛሬ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ ጀመርኩ።

ሁለት እንቁላል፣ አንድ የቡና ስኒ ወተት፣ ቆንጠር ያለ ቀረፋ። ያደረ ዳቦ ቆርጬ ነከርኩና በትንሽ ቅቤ ጠበስኩት። (ትኩስ ዳቦ ከሆነ ይበጣጠሳል።) ከላይ የአርባ ምንጭ ሙዝና ከአየር ጤና የገዛሁትን ማንጎ ከትፌ ማር ጠብ አደረግኩበት።

ሽታው ቤቱን ሲሞላው ግን ቆም አልኩ። ይሄ እኮ የእማዬ ዳቦ በእንቁላል ነው!

ኮልፌ ተማሪ እያለሁ የምትቋጥርልኝ እሱን ነበር። የደረቀ ዳቦ መሆኑን ጓደኞቼ እንዳያውቁብኝ ስንቴ ሳልከፍተው መልሻለሁ። "ምነው አልጣመህም?" ስትለኝ "ጠግቤ ነው" እላታለሁ።

ለካ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው "ፔን ፔርዱ" ነው የሚሉት፤ የጠፋ ዳቦ እንደ ማለት። እነሱም ጋ የደረቀ ዳቦ አይጣልም ማለት ነው።

ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች።

"አውቅ ነበር እኮ ልጄ። የመለስከውን እኔ ነበርኩ ማታ የምበላው። አንዳንዴ እራቴ እሱ ነበር" አለችኝ።

መልስ አጣሁ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ እናታችሁ የቋጠረችላችሁን አትደብቁ። እኔ ነገ ከቅዳሴ መልስ ማንጎዬን ይዤ እማዬ ቤት ነኝ። ቁርስ የምሠራው እኔ ነኝ።