የተከፈተው ፓራሹት

እናቴ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ባይከፈትስ?» እውነቱን ነግሬያት አላውቅም። እኔን የሚያስፈራኝ የተከፈተው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ፍሎሪዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በካታና 120 ዘለልኩ። ቁጥሩ የጨርቁ ስፋት ነው፣ በስኩዌር ጫማ። ከነዕቃዬ 180 ፓውንድ ስለምመዝን እያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ 1.5 ፓውንድ ይሸከማል። በድሮው፣ በ170ው፣ ከ1 ፓውንድ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

ለመላመድ ብዬ ከፍ እንዳልኩ ከፈትኩት። የድሮው እንደ አሮጌ አውቶብስ ነበር፤ ስትጠመዝዘው አስቦበት ነው የሚዞረው። ይሄኛው እጄን ሳላንቀሳቅስ፣ ዳሌዬን ትንሽ ዘንበል ሳደርግ ዞረ። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። የአንዱን ጎን የፊት ማሰሪያ ስስበው ደግሞ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ተወረወረ። ብለቀውም ቶሎ አልተቃናም። ከፍታ መለኪያዬን ሳየው አንድ ዙር ብዙ መቶ ጫማ በልቶብኛል።

ሳቄ ጠፋ። ልምድ ያላቸው ዘላዮች ሲሞቱ ብዙ ጊዜ ፓራሹታቸው ደህና ተከፍቶ ነው፤ መሬት አጠገብ አንዴ ስለዞሩ ብቻ። ጨርቁ አልከዳቸውም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የባሰው ደግሞ፣ ይህን እያወቅኩ መሬት ሲቀርብ እጄ ያንኑ ማሰሪያ ሊስብ ቃጣው።

ተውኩት። ቀጥ ብዬ መጣሁ፣ መሪ እጀታዎቹን ቀስ አድርጌ ሳብኩ፣ ሣሩ ላይ ተንሸራትቼ ቆምኩ።

ማታ ተደወለ።

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ፣ እማዬ።»

«ተመስገን!»

ቀሪውን ሳልነግራት እኔም «ተመስገን» አልኩ።