የአንድ ሰዓት መንገድ

በ2017 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው ጎረቤቴ በር አንኳኩተው ገቡና ገና ሳይቀመጡ፣ «አንተ ልጅ፣ ከዚህ አሥመራ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል አይደል? ከቦሌ እስከ አሥመራ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ቢለካ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ላይ ሁለቱ ከተሞች አንዱ ካንዱ በላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ከዞረ ግራ ቀኝ የለም። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት፣ መነሻና ማረፊያው ተጨምሮበት፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ መገናኛ ለመድረስም ከዚያ ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል።

እኔ ግን ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

የእትዬ ታናሽ እህት አሥመራ አግብታ እዚያው ቀርታ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ አውሮፕላኑ ቆመ፤ ስልኩም አብሮ ተቆረጠ። እህትየው የሞተችው በእነዚያ ዓመታት ነው። መርዶው ከአሥመራ ስቶክሆልም ላለ ዘመድ፣ ከስቶክሆልም ደግሞ አዲስ አበባ ዞሮ ሲደርስ አርባዋ ወጥቶ ነበር። ድንኳን ተተክሎ እንደ ገና እንደ አዲስ ተለቀሰ። አንድ ሽማግሌ፣ «በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው!» ሲሉ አስታውሳለሁ። ማንም አልመለሰላቸውም።

20 ዓመት አልፎ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ተጀመረ። የሚያለቅሰውን፣ የሚዘፍነውን፣ መሬት የሚስመውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። እትዬም በወሩ ሄደው የእህታቸውን መቃብር አይተው ተመለሱ። «ልጄ፣ ቀበቶ አስሬ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ ሻዬን ሳልጨርስ ደረሳችሁ አሉን። ለዚህች ነው 20 ዓመት?» አሉኝ።

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራው እንደገና ተቋረጠ።

እና ያን ቀን እትዬ የመጡት ለሠርግ ነው። የሟች እህታቸው ልጅ ልታገባ ነው፤ የእናትን ቦታ የሚይዝ ደግሞ ከእሳቸው ሌላ የለም። ወረቀት አወጣሁና በካይሮ በኩል አሰላሁላቸው። ከአዲስ አበባ ካይሮ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ከካይሮ አሥመራ 1,800፤ በድምሩ 4,300። አሥመራን በስተቀኝ ትቶ ግብፅ ድረስ መውጣት፣ ከዚያ አብዛኛውን መንገድ ወደኋላ መመለስ ማለት ነው። የቀጥታው ስድስት እጥፍ። ቪዛው፣ ካይሮ ላይ የሚታደረው ሌሊት፣ የቲኬቱ ዋጋ፣ ያበጠው ጉልበታቸው አልተቆጠረም።

እትዬ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩትና መለሱልኝ።

«ይሄንንማ መቼ ጠየቅኩህ? እኔ የምልህ የአንድ ሰዓቱን ነው። እሱ መቼ ይመለሳል?»

ይህን ማን ያሰላል? ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ከነጠላቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ባለ ጥልፍ የሐበሻ ቀሚስ ነው።

«በካይሮ በኩል የሚሄድ ሰው ካገኘህ ንገረኝ፤» አሉ። «እኔ ባልደርስ እንኳ ቀሚሱ ይድረስላት።»